በነፋስ እየተነዱ አምባዛ ማጥመድ፦ ከሐይቅ የሚገኝ የሳይንስና የጥንቃቄ ትምህርት



በዓመት መጽሔታችን የርእሰ መምህር ገጽ አብዛኛውን ጊዜ የሚሞላው በምስጋናና በምክር ነው። ዘንድሮ ግን ገጹን አንድ ትምህርት ላስተምርበት ወስኛለሁ። ርእሴ ዓሣ ማጥመድ ነው፤ በተለይም ትልቅ አምባዛን በሐይቅ ላይ፣ ጀልባን ለነፋስ ለቅቆ የማጥመድ ዘዴ።

ይህን የመረጥኩት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ የምንኖረው በካምፓላ፣ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር ነው። ከልጆቻችን ብዙዎቹ በእረፍት ቀን ወደ ሐይቁ ይወርዳሉ፤ ከጎረቤት ልጆች ጋር ጀልባ ላይ መውጣት የጀመሩም አሉ። ሁለተኛ፣ በክፍል ውስጥ ለየብቻ የምናስተምራቸው ባዮሎጂ፣ ፊዚክስ፣ ሂሳብና ጂኦግራፊ በዚህ ሥራ ላይ በአንድ ጀልባ ይሳፈራሉ። አባቶቻችን «ዓሣን መብላት በብልሃት ነው» ይላሉ። ማጥመዱም ከዚያ የተለየ አይደለም።

ይህን ጽሑፍ ያነበበ ተማሪ ሦስት ነገሮችን ማስረዳት እንዲችል እፈልጋለሁ፦ አምባዛ በጭለማ ውሃ ውስጥ ምግቡን እንዴት እንደሚያገኝ፣ በነፋስ የሚነዳ ጀልባ ፍጥነቱ በምን እንደሚወሰን፣ እንዲሁም ከባሕር ዳር ከመራቅ በፊት የመመለሻው ሂሳብ ለምን መሠራት እንዳለበት። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. አምባዛ ምን ዓይነት ዓሣ ነው?

አምባዛ በሳይንሳዊ ስሙ ክላሪያስ ጋሪፒነስ ይባላል። በ1822 ለሳይንስ ያስተዋወቀው ዊሊያም በርቸል የተባለ እንግሊዛዊ ተመራማሪ ነው፤ «ጋሪፒነስ» የሚለው ቃልም የመጣው ጋሪፕ ከተባለው፣ ዛሬ ኦሬንጅ ተብሎ ከሚታወቀው የደቡብ አፍሪካ ወንዝ ነው። ዓሣው ግን የአንድ ወንዝ ዓሣ አይደለም። ከደቡብ አፍሪካ እስከ ናይል ድረስ ይገኛል። በአገራችን በጣና፣ በሐዋሳና በጫሞ ሐይቆች ይኖራል። እዚህ ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይም አለ፤ በሉጋንዳ «ማሌ»፣ በሉኦ «ሙሚ»፣ በስዋሂሊ «ካምባሬ» ይሉታል። በሉጋንዳ «ሰሙቱንዱ» የሚባለው ደግሞ ሌላ ዓሣ ነው፤ ጢም ስላለው ከአምባዛ ጋር ይምታታል እንጂ ዝርያው የተለየ ነው።

አምባዛ ረጅም፣ ራሱ ጠፍጣፋና ጠንካራ፣ ቆዳው ለስላሳና ቅርፊት የሌለው ዓሣ ነው። ርዝመቱ እስከ 1.7 ሜትር፣ ክብደቱም እስከ 60 ኪሎ እንደሚደርስ ተመዝግቧል፤ በገበያ የምናየው ግን ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። በአፉ ዙሪያ አራት ጥንድ፣ ማለትም ስምንት ጢሞች አሉት። ዓይኖቹ ትናንሽ ናቸው። ታዲያ በደፈረሰ ውሃ፣ በሌሊት ምግቡን እንዴት ያገኛል?

መልሱ በጢሞቹና በቆዳው ላይ ነው። እኛ ጣዕም የምንለየው በአፋችን ውስጥ ባሉ ጥቃቅን የጣዕም ህዋሳት ነው። አምባዛና ዘመዶቹ እነዚህ ህዋሳት በጢሞቻቸውና በገላቸው ላይ ጭምር አሏቸው። በምሳሌ ለመናገር፣ አምባዛ በመላ ገላው የሚቀምስ ዓሣ ነው። የማሽተት ችሎታውም ጠንካራ ነው። በተጨማሪ የአየር ከረጢቱን ከጆሮው ጋር የሚያገናኙ ትናንሽ አጥንቶች ስላሉት የውሃን ንዝረት በደንብ ይሰማል። ሌሎች እንስሳት ከገላቸው የሚያወጡትን ደካማ ኤሌክትሪክ እንኳ የሚለይበት የስሜት አካል አለው። ስለዚህ አጥማጁ ለዓይኑ የሚያብረቀርቅ ነገር ከሚያዘጋጅ ይልቅ ለአፍንጫውና ለጢሙ የሚሆን ነገር ቢያዘጋጅ ይሻለዋል።

ሌላው የአምባዛ ልዩ ነገር አየር መተንፈሱ ነው። ከስንጥቡ በላይ የዛፍ ቅርንጫፍ የሚመስል አካል አለው፤ በዚህም ከውሃው ወለል ብቅ ብሎ አየር ይወስዳል። ኦክስጅን ባነሰበት ረግረግ ውስጥ ሌሎች ዓሦች ሲታፈኑ እርሱ ይኖራል። በቪክቶሪያ ዳር ያሉት የደንገል ረግረጎች እንደ አምባዛ ላሉ አየር ለሚተነፍሱ ዓሦች መጠለያ የሆኑትም በዚህ ምክንያት ነው። ደንገል ማለት የጣና ሰዎች ታንኳ የሚሠሩበት ያው ተክል ነው።

እዚህ ላይ አንድ የቤታችንን ጉዳይ ሳላነሳ ማለፍ አልፈልግም። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ክንፍና ቅርፊት የሌለው የውሃ እንስሳ እንዳይበላ ተጽፏል፤ በዚህ ምክንያት አምባዛ የማይበሉ ብዙ ቤተሰቦች በመካከላችን አሉ። የሚበሉም አሉ። ከጣና ደርቆ ወደ ሱዳን ይሸጥ ከነበረው ዓሣ መካከልም አምባዛ ይገኛል። ልጆች፣ የጓደኛችሁ ምሳ ዕቃ ውስጥ ያለውን አትናቁ፤ እናንተም የቤታችሁን ሥርዓት በመጠበቃችሁ አትፈሩ። የምንማረው ስለ ዓሣው አኗኗር ነው፤ ለዚህ ደግሞ ሁላችንም በአንድ ማዕድ መቀመጥ እንችላለን።

2. ዘዴው ምንድን ነው?

መልህቅ ጥሎ የሚያጠምድ ሰው ዓሣው ወደ እርሱ እስኪመጣ ይጠብቃል። በነፋስ እየተነዳ የሚያጠምድ ሰው ግን መንጠቆውን ወደ ዓሣው ይወስዳል። ሞተሩ ይጠፋል፣ መቅዘፊያው ይነሣል፣ ጀልባው ጎኑን ለነፋስ ይሰጣል። ከጀልባው ኋላ ብዙ የማጥመጃ ክሮች ተዘርግተው በሐይቁ ወለል ላይ በዝግታ ይጎተታሉ። የተቆረጠው ዓሣ ሽታ ከኋላ እንደ ጭስ እየተዘረጋ ይቀራል።

ይህ ዘዴ በጣም ከታወቀባቸው ቦታዎች አንዱ በአሜሪካ ሳውዝ ካሮላይና ግዛት ያሉት ማሪዮንና ሞልትሪ የተባሉ ሐይቆች ናቸው። ሁለቱም ሰው ሠራሽ ናቸው፤ ግድቦቹ የተሠሩት ከ1939 እስከ 1942 ባለው ጊዜ ነው። ሁለቱን በአንድ ላይ «ሳንቲ ኩፐር» ይሏቸዋል። በ1964 ከዚያ የተያዘ አንድ «ቻነል ካትፊሽ» የተባለ የአምባዛ ዘመድ 58 ፓውንድ፣ ማለትም 26 ኪሎ ከግማሽ ያህል መዝኖ የዝርያው የዓለም ክብረ ወሰን ሆኗል። ማሪዮን ሐይቅ ሲሞላ ብዙ ጫካ ውሃ ውጦታል። ስለዚህ ወለሉ ላይ የሚጎተት መንጠቆ በግንድና በጉቶ እየተያዘ ያስቸግራል። የዚያ አገር አጥማጆች ለዚህ ያገኙትን መፍትሔ በክፍል 4 እናየዋለን።

በእኛ ሐይቅ ኑሮውን በዓሣ የሚመራ ሰው በብዛት የሚጠቀመው በመረብና ብዙ መንጠቆ በተሰካበት ረጅም ገመድ ነው። የሚገርመው፣ ትናንሽ የአምባዛ ጫጩቶች በኩሬ ይረቡና የናይል ፐርችን ለማጥመድ በነዚህ መንጠቆዎች ላይ ይሰካሉ። ትልቁ አምባዛ አዳኝ ነው፤ ትንሹ ግን ለሌላው ማባበያ ይሆናል።

3. ነፋስ፣ ውሃና ፍጥነት

አሁን ወደ ፊዚክሱ እንግባ። በነፋስ በሚነዳ ጀልባ ላይ ሁለት ኃይሎች ይሠራሉ። ነፋሱ ወደ ፊት ይገፋዋል፤ ውሃው ደግሞ ይቃወመዋል። ጀልባው ፍጥነት ሲጨምር የውሃው ተቃውሞም ይጨምራል። ሁለቱ ኃይሎች እኩል በሚሆኑበት ጊዜ ጀልባው በአንድ ፍጥነት መጓዝ ይጀምራል።

የነፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የሚገፋበት ኃይል እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል። የውሃውም ተቃውሞ በዚሁ ሕግ ይሄዳል፤ የጀልባው ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ተቃውሞው አራት እጥፍ ይሆናል። በዚህ ምክንያት ነፋሱ በእጥፍ ሲፈጥን የጀልባውም ፍጥነት በግምት በእጥፍ ያድጋል።

ለአምባዛ ተስማሚው ፍጥነት በሰዓት አንድ ኪሎ ሜትር አካባቢ ወይም ከዚያ ትንሽ ያነሰ ነው። ሰው በእግሩ ሲሄድ በሰዓት አራትና አምስት ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ ስለዚህ የምንፈልገው የሕፃን ዳዴ ያህል ዝግታ ነው። ነፋሱ ከዚህ በላይ ሲነዳን ጀልባውን የምናዘገየው እንደ ጃንጥላ በውሃ ውስጥ በሚከፈት የሸራ ከረጢት ነው። ከረጢቱ በገመድ ከጀልባው ጎን፣ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ይታሰራል። የውሃውን ተቃውሞ አራት እጥፍ ካደረገው፣ የጀልባው ፍጥነት በግማሽ ይቀንሳል።

ምሳሌ እንውሰድ። ጀልባችን ያለ ከረጢት በሰዓት 1.6 ኪሎ ሜትር ቢነዳ፣ በከረጢቱ 0.8 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ይህ በሰኮንድ 22 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። በሦስት ሰዓት 0.8 × 3 = 2.4 ኪሎ ሜትር እንጓዛለን። ክሮቻችን በ10 ሜትር ስፋት ተዘርግተው ከሆነ፣ 2,400 × 10 = 24,000 ካሬ ሜትር ወለል ፈትሸናል። 105 ሜትር በ68 ሜትር የሆነ የእግር ኳስ ሜዳ 7,140 ካሬ ሜትር ነው። ስለዚህ ሦስት ሜዳ ከሲሶ ያህል ማለት ነው። መልህቅ የጣለው ጎረቤታችን ግን በዚያ ሁሉ ሰዓት ያው በአንድ ቦታ ነው። ትልቅ አምባዛ በሰፊ ሐይቅ ውስጥ ተራርቆ ስለሚኖር፣ የሚንቀሳቀሰው አጥማጅ የሚበልጠው በዚህ ነው።

4. መንጠቆው እንዴት ይዘጋጃል?

ከዘንጉ የሚወጣው ዋና ክር መጀመሪያ በእርሳስ ክብደት ውስጥ ያልፋል፤ ክብደቱ ወለሉን እየነካ ይጎተታል። ቀጥሎ ክሩ እንዳይጠማዘዝ የምትሽከረከር ትንሽ ማያያዣ አለች። ከእርሷ በኋላ ግማሽ ሜትር ወይም ትንሽ የሚበልጥ ክር ይቀጥልና መጨረሻው ላይ መንጠቆው ይታሰራል። የሳንቲ ኩፐር አጥማጆች መፍትሔ ከመንጠቆው ጥቂት ሳንቲ ሜትር ቀደም ብሎ የሚሰካ ትንሽ ተንሳፋፊ ቡሽ ነው። ክብደቱ ወደ ታች ይስባል፣ ቡሹ ወደ ላይ ያነሣል፤ ምግቡም ከወለሉ ትንሽ ከፍ ብሎ ይሄዳል። በዚህም ጉቶና ጭቃ አይይዘውም፣ ሽታውም በነፃ ይሠራጫል። ስለ አርኪሜደስ ሕግ የተማራችሁ ልጆች ቡሹ ለምን እንደሚያነሣ ልታስረዱ ትችላላችሁ።

ማባበያው ከዚያው ሐይቅ የተያዘ ትኩስ ዓሣ ተቆርጦ ቢሆን ይመረጣል፤ ደሙና ቅባቱ በውሃው ውስጥ ይሠራጫልና። ብዙ በውሃ የቆየ ቁራጭ ሽታው ስለሚያልቅ ይቀየራል።

የመንጠቆው ዓይነትም ትልቅ ልዩነት አለው። ጫፉ ወደ ውስጥ የታጠፈ፣ ክብ የሚመስል መንጠቆ ዓሣው ውጦ ሲዞር አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው በአፉ ጥግ ላይ ነው፤ ወደ ሆዱ አይገባም። በዚህ መንጠቆ የሚያጠምድ ሰው ዘንጉ ሲጎነበስ በኃይል መንጠቅ የለበትም። የጀልባው ጉዞ ራሱ ይይዘዋል፤ ሰውየው በዝግታ መጠቅለል ብቻ ነው ያለበት። ለችኩል ልጅ ይህ ጥሩ ትምህርት ነው። ዓሣው ጀልባ ላይ ሲወጣ ደግሞ ከጎንና ጎኑ ካሉት ክንፎች እሾህ ተጠንቀቁ፤ ክፉኛ ይወጋል።

5. የቪክቶሪያ ነፋስና የመመለሻው ሂሳብ

ወላጆች ይህን ክፍል ከልጆቻችሁ ጋር ሆናችሁ እንድታነቡት እለምናለሁ።

ቪክቶሪያ ሐይቅ 68,800 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት አለው። ጣና በግምት 3,000 ነው፤ ስለዚህ ከሃያ በላይ ጣናዎች እዚህ ይገባሉ። ይህን ያህል ውሃ የራሱን ነፋስ ይፈጥራል። ቀን የብስ ቶሎ ይሞቃል፤ አየሩ ይነሣና ከሐይቁ ቀዝቃዛ አየር ወደ የብስ ይነፍሳል። ሌሊት ነገሩ ይገለበጣል። የብስ ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ውሃው ሙቀቱን ይይዛል፣ ነፋሱም ከየብስ ወደ ሐይቅ ይሄዳል። ከየአቅጣጫው የመጣው የሌሊት ነፋስ ሐይቁ መሐል ሲገናኝ ወደ ላይ ይወጣና ነጎድጓድ ያለበት ማዕበል ያስነሣል። በዚህ ሐይቅ ላይ ሌሊትና ንጋት ላይ ማዕበል የሚበዛው ለዚህ ነው።

አሁን አስቡ። በማለዳ፣ ውሃው ጸጥ ብሎ ለማጥመድ በሚያስጎመጅበት ሰዓት፣ ነፋሱ ገና ከየብስ ወደ ሐይቅ ነው። ከካምፓላ ዳርቻ ተነሥቶ ራሱን ለነፋስ የለቀቀ ጀልባ ማንም ሳይቀዝፈው ከባሕር ዳር እየራቀ ይሄዳል። ልጆቹ ዓሣውን እያዩ እየሳቁ ይሄዳሉ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ያለ ምክንያት አይደለም።

ሂሳቡን እንሥራ። ከላይ እንዳየነው በሦስት ሰዓት 2.4 ኪሎ ሜትር ርቀናል። ነፋስ በሌለበት በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር የሚቀዝፍ ብርቱ ወጣት አለን እንበል። ነፋስ ባይኖር ለመመለስ 2.4 ÷ 4 = 0.6 ሰዓት፣ ማለትም 36 ደቂቃ ይበቃዋል። ነፋሱ ግን ከፊት ለፊቱ ነው። ከረጢቱ ሲወጣ ነፋሱ ጀልባውን በሰዓት 1.6 ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ ይገፋል። 4 − 1.6 = 2.4 ኪሎ ሜትር በሰዓት፤ ስለዚህ አንድ ሙሉ ሰዓት መቅዘፍ አለበት። ነፋሱ በእጥፍ ቢጨምርስ? ወደ ኋላ የሚገፋው 3.2 ይሆናል። 4 − 3.2 = 0.8፤ 2.4 ÷ 0.8 = 3 ሰዓት። ነፋሱ እጥፍ ሲሆን የመመለሻው ጊዜ ሦስት እጥፍ ሆነ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ያለ እረፍት በዚያ ኃይል የሚቀዝፍ ሰው ደግሞ የለም። ክንዱ ሲደክም 4 የነበረው 3 ይሆናል፤ በዚያች ቅጽበት ጀልባው ወደፊት ሳይሆን ወደ ኋላ መሄድ ይጀምራል።

ይህ ግምታዊ ሂሳብ ነው፤ ነገር ግን አንድ እውነት በግልጽ ያሳያል። አደጋው የሚጀምረው ማዕበል ሲታይ አይደለም። መመለሻውን ሳያሰሉ ሲነሡ ነው። ስለዚህ እነዚህን ደንቦች ለልጆቻችን እናስጠናቸው፦

— ማንኛውም ተማሪ ዋና ቢችልም ባይችልም የነፍስ አድን ጃኬት ለብሶ፣ ማሰሪያውን አስሮ ካልሆነ ጀልባ ላይ አይወጣም። ጃኬቱ ጀልባው ውስጥ መኖሩ አይበቃም።
— ያለ አዋቂና ሐይቁን ከሚያውቅ የአካባቢው ጀልበኛ ውጭ አይኬድም።
— በነፋስ የሚነዳ ጀልባ የሚሠራ ሞተርና መቅዘፊያ፣ መልህቅም ሊኖረው ይገባል።
— ጉዞው ከአንዱ የባሕረ ሰላጤ ዳር ወደ ሌላው እንዲሆን ይታቀድ፤ ወደ ክፍት ሐይቅ የሚነዳ ነፋስ ካለ አይጀመር።
— የሚመለሱበት ሰዓት ባሕር ዳር ለቀረ ሰው ይነገር። የሰዓት አቆጣጠራችን ከስዋሂሊ ጋር አንድ ስለሆነ «አራት ሰዓት» ስትሉ ስዋሂሊ ተናጋሪው ጀልበኛ ይገባዋል፤ በእንግሊዝኛ ስትነጋገሩ ግን አራት ሰዓት ማለታችሁ አስር እንደሚባል አትርሱ።

6. ትልቁን ዓሣ ምን እናድርገው?

አምባዛ እንቁላሉን የሚጥለው ዝናብ ሲጥልና ውሃ ሜዳ ላይ ሲወጣ ነው። ጣና አካባቢ በክረምት ወደ ፎገራና ደምቢያ ረግረጎች ይወጣል። እዚህም በዝናቡ ወራት ወደ ጅረቶችና ወደ ተጥለቀለቁ ዳርቻዎች ይገባል። እንቁላሎቹ ሣር ላይ ይጣበቃሉ፤ ውሃው ሞቃት ከሆነ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይፈለፈላሉ። ወላጆቹ ግን ጫጩቶቹን አይጠብቁም። ዓሣው ያለው ተስፋ ብዛት ነው፤ የእንቁላሉ ብዛት ደግሞ ከእናቲቱ ክብደት ጋር ይጨምራል። ትልቅ አምባዛ ለመሆን ብዙ ዓመት ይፈጃል። ስለዚህ አንዲት ትልቅ እንስት በእንቁላሏ ወቅት ስትያዝ የምናጣው ሥጋዋን ከምናገኘው በላይ ነው።

ለመዝናናት የሚያጠምድ ሰው ትልቁን መዝኖ፣ በእርጥብ እጅ ይዞ፣ ወደ ውሃው መመለስ ይችላል፤ ክብ መንጠቆም ለዚህ ይረዳዋል። ልጆቹን በዓሣ የሚያሳድገውን አጥማጅ ግን «ልቀቀው» ብሎ መገሠጽ ቀላል አይደለም፤ ተገቢም አይመስለኝም። ለእርሱ የሚጠቅመው ሁሉም በአንድነት የሚጠብቁት ሕግ ነው። ኢትዮጵያ በ2003 የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 አውጥታለች። የቪክቶሪያን ሐይቅ የሚጋሩት ሦስቱ አገሮች ደግሞ በ1994 የቪክቶሪያ ሐይቅ የዓሣ ሀብት ድርጅትን አቋቁመዋል፤ ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ ኡጋንዳ፣ ጂንጃ ነው።

ሕጉ መረብንና መንጠቆን ይመለከታል፤ እኛ ሁላችን ግን በሌላ መንገድ ሐይቁን እንነካለን። ረግረግ ተደፍኖ ቤት ሲሠራበት አምባዛ እንቁላል የሚጥልበት ሣር ይጠፋል። ጣና ላይ ከ2011 ወዲህ ያስቸገረው እምቦጭ ቪክቶሪያን ያጠቃው ከዚያ ሃያ ዓመት ያህል ቀድሞ ነው፤ ከማሳና ከከተማ ወደ ሐይቅ የሚፈሰው ቆሻሻና ማዳበሪያ ይመግበዋል። አንድም ቀን መንጠቆ ያልያዘ ሰው እንኳ በሐይቁ ጉዳይ እጁ አለበት።

7. ለክፍልና ለቤት ውይይት

1. ጀልባው በሰዓት 0.8 ኪሎ ሜትር ይነዳል። ለሁለት ሰዓት ተኩል ብንነዳ ምን ያህል እንርቃለን? ክሮቹ በ12 ሜትር ስፋት ቢዘረጉ ስንት ካሬ ሜትር እንፈትሻለን?
2. በሰዓት 3.5 ኪሎ ሜትር የሚቀዝፍ ሰው ከዚያ ርቀት በሰዓት 1.5 ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ በሚገፋ ነፋስ ውስጥ ለመመለስ ስንት ሰዓት ይፈጅበታል? ጓደኛው አብሮት ባይቀዝፍና ቢደክም ምን ይሆናል?
3. የአምባዛ ዓይን ትንሽ፣ ጢሙ ረጅም የሆነው ከሚኖርበት ቦታ ጋር ምን ግንኙነት አለው?
4. አያቶቻችሁን ወይም ወላጆቻችሁን ጠይቁ፦ ባደጉበት አካባቢ ዓሣ በምን ይጠመድ ነበር? በየትኛው ወር ይከለከል ነበር? መልሱን በአማርኛ ጽፋችሁ ለአማርኛ መምህራችሁ ስጡ።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥያቄዎች ልጆቹ በደብተር ሠርተው ለወላጅ እንዲያሳዩ፣ ወላጅም ፈርሞ እንዲመልስ እጠይቃለሁ። ሐይቅ ላይ ለመውጣት ፈቃድ የሚጠይቅ ልጅ በመጀመሪያ የመመለሻውን ሂሳብ ሠርቶ ያሳይ። ሂሳቡ ትክክል ከሆነ፣ ጃኬቱም ከተዘጋጀ፣ አዋቂም አብሮ ካለ፣ መልካም ጉዞ ይሁንለት።